አባባ ተካልኝ የተፈተኑበት እሑድ

ነገሩ የተጀመረው አንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የማስታውሰው በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ አንድ አውሮፕላን በቤታችን ላይ ዝቅ ብሎ ስለሚያልፍ ነው። አውሮፕላኑ ሲያልፍ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፤ ከጣሪያው ጋር በመሳቢያ የተደረደሩት የማተሚያ ቤታችን የእርሳስ ፊደላት ይንቀጠቀጣሉ፤ አያቴ አባባ ተካልኝም ከወንበራቸው ሳይነሱ ቀና ብለው ፓይለቱን ይቆጡታል። "ቀስ በል አንተ! እዚህ ሰው ይሠራል!" የዚያን ዕለት ቁጣቸውን ሳይጨርሱ የግቢያችን በር ተንኳኳ። የመጣው የቀበሌያችን የመሠረተ ትምህርት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጓድ ዘለቀ ነበር፤ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ የመማሪያ መጽሐፍ በብብቱ ይዞ።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት አትላስ አካባቢ የገጠመኝ ነገር ነው። ለእህቴ ልጅ የሠርግ ጥሪ ካርድ ላሠራ አንድ የኮምፒውተር ማተሚያ ቤት ገባሁ። ወጣቱ ሠራተኛ ለሚኒባስ የኋላ መስታወት የሚሆን ጽሑፍ ከማሽኑ እያወጣ ነበር። ጽሑፉ ከመኪናው ውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ ስለሚለጠፍ ፊደሉ ፊቱን አዙሮ ነው የሚታተመው። ቆሜ ሳየው አነበብኩትና፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቃል ተጣብቀዋል አልኩት። ልጁ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። "ማዘር፣ ገና አልገለበጥኩትም እኮ! እንዴት አነበቡት?" አለኝ። "የቤተሰብ ነገር ነው" አልኩት። ሌላ ምን ይባላል? የዛሬ ማተሚያ ቤት ምንም አይሸትም። የኛ ቤት ግን ነጭ ጋዝና ቀለም ይሸት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ከቅዳሜና እሑድ ስመለስ በሹራቤ ሽታ ያውቁኝ ነበር።

ማተሚያ ቤታችን ዛሬ አትላስ ከሚባለው ሰፈር ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነበር። አባባ በወጣትነታቸው ፒያሳ፣ በአንድ አርመን ማተሚያ ቤት ውስጥ ተሸካሚ ሆነው ገቡ፤ ዓመታት ሲያልፉ ጌታው የጣለውን በእግር የሚረገጥ ማሽን ገዝተው በጋሪ ጭነው ከከተማ ወጡ። መሬት ርካሽ የነበረው እዚህ ነውና። ዘመድ አዝማዱ "ለላም ነው የምታትመው?" እያለ ሳቀባቸው። ያኔ ቦሌ ባሕር ዛፍና ማሳ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ከቡልቡላ ወተት በአህያ የሚያመጡ ገበሬዎች በበራችን ሲያልፉ ማሽኑን ቆመው ያዩ ነበር ይባላል። አባባ ዝም ብለው ረገጡ። ቀስ በቀስ ከተማው ራሱ ወደ ማሽኑ መጣ። በሩ ላይ "ተካልኝና ልጁ ማተሚያ ቤት" የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። ልጁ የተባለው አባቴ ነው። እኔ ሰሌዳው ላይ የለሁም። እህቴ ባል አግብታ ድሬዳዋ ሄዳለች፤ እናቴ በልጅነቴ ስላረፈች በዚያ ዘመን ቤቱ የሦስታችን ነበር።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ የመንግሥት ምደባ እጠባበቅ ነበር። ረዥም ቀሚስ፣ ሰፊ ሹራብ፣ ሰው ካየኝ አንገቴ ድረስ የምቀላ ዓይን አፋር ነበርኩ። ሻይ በአሥር ሳንቲም በሚጠጣበት፣ ከሰፈራችን እስከ መገናኛ በታክሲ ስሙኒ በሚከፈልበት በዚያ ጊዜ፣ "ወራጅ አለ" ማለት አፍሬ መገናኛ ድረስ ሄጄ በእግሬ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። ስለዚህ ማተሚያ ቤቱ ጥግ ተቀምጦ እርማት ማንበብ ተስማምቶኝ ነበር። አባቴ ማሽኑን የሚረግጠው በዘፈን ነው። የቀበሌው ኪነት ቡድን ከመንገዱ ማዶ ባለው አዳራሽ መዝሙሩን ሲለማመድ የእድር ደረሰኞች በሰልፍ ፍጥነት ይወጡ ነበር፤ በሬዲዮ የፍቅር ዘፈን ከመጣ ግን የሠርግ ካርዶቹ አንድ በአንድ፣ እያዘገሙ ነበር የሚወጡት። የአባቴ ትልቁ ጭንቀት "ዮ" ነበር። የቀበሌው ማስታወቂያ ሁሉ "አብዮት" ስለሚል "ዮ" ቶሎ ቶሎ ያልቅበታል። ዮሐንስ የሚባል ሙሽራ ከመጣ እጁን ራሱ ላይ ይጭናል።

አባባ ደግሞ የመጨረሻው ተመልካች ነበሩ። አንድ ሥራ ከማሽን ሲወጣ የመጀመሪያውን ወረቀት ይወስዱና ወደ መስኮቱ ይሄዳሉ። የወረቀቱን ጀርባ ወደ ራሳቸው አዙረው ወደ ብርሃኑ ከፍ ያደርጉታል። ደንበኛው ትንፋሹን ይውጣል። ከዚያ "ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ቃል ዘላችኋል" ይላሉ። ሁሌም ልክ ናቸው። ደንበኞች "ሽማግሌው የቀለሙን አነካከስ ከጀርባ ነው የሚያዩት" እያሉ ለሌላው ያወሩ ነበር፤ እኔም እንደዚያው አምን ነበር። ካርድ ግን አይነኩም። "ካርድ የልጅ ሥራ ነው" ብለው ወደ አባቴ ይገፉታል። ጋዜጣም አይወዱም፤ "ዓይን ያደክማል፤ አንቺ አንብቢልኝ" ይሉኛል።

እንግዲህ ያን ማክሰኞ ጓድ ዘለቀ ገባና ወንበር ሳብ አደረገ። ዘለቀ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እግሩ ሰፊ ሱሪ የእጁ ሥራ ነው። አባባን ይወዳቸዋል፤ ይፈራቸዋልም።

"አባባ፣ ለወጉ ያህል ነው። በቀበሌያችን አንድም መሃይም እንዳይቀር ቤት ለቤት እያጣራን ነው። አንድ መስመር ያንብቡልኝና ልሂድ።"

"እኔን? ተካልኝን?"

"መመሪያ ነው፣ አባባ።"

"መነጽሬን የት እንዳደረግሁት አላውቅም።"

"ግንባርዎ ላይ ነው።"

አባባ መነጽሩን ቀስ አድርገው አወረዱ። መጽሐፉን ተቀበሉ። አሸተቱት። ገጹን በአውራ ጣታቸው አሹት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደው አንዱን ገጽ ወደ ብርሃኑ አነሱና ፊታቸውን አጨማደዱ። "ይሄን ያተመው ማን ነው? ቀለሙ ደም ያነሰው ነው። ወረቀቱም ሆዱን አይሸፍንም፤ የወዲያኛው ገጽ ጽሑፍ ወዲህ ይታያል። ይህን የመሰለ ሥራ አላነብም! ለዓይኔ ክብር አለኝ!"

ጓድ ዘለቀ አባባን አየ፣ አባቴን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ እያፈረ "አልተረጋገጠም" ብሎ መዘገበ። እሑድ በቀበሌው አዳራሽ የመጨረሻው ፈተና እንዳለ፣ ከቀበሌው በላይ ካለው አስተዳደር፣ ከከፍተኛው፣ ተቆጣጣሪ እንደሚመጡ፣ ያላለፈ ሁሉ በመሃይምነት እንደሚመዘገብ ነግሮን ወጣ።

አባቴ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። የፈራው ትምህርቱን አልነበረም። የማተሚያ ቤቱ ፈቃድ በአባባ ስም ነው። ከቤታችን ለሚወጣ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ "አንብቤ አጽድቄአለሁ" ብለው የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። በዚያ ዘመን ያ ፊርማ ቀላል ነገር አይደለም። አባባ መሃይም ተብለው ከተመዘገቡ፣ ያ ሁሉ ፊርማ ምን ይባላል? ማሽኑን ለመውሰድ ሰበብ የሚፈልግ ደግሞ አይጠፋም።

እኔ ግን ገና አልገባኝም ነበር። የገባኝ ለምሳ ስጠራቸው ነው። አባባ በብረት ማዕቀፍ የታሰረውን የእድር ደረሰኝ እርሳስ ከፊታቸው አቁመው፣ ጣታቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እየነዱ፣ እንደ ውኃ ያነቡ ነበር። በእርሳስ ላይ ፊደል ፊቱን አዙሮ ነው የሚቀረጸው፤ ወረቀት ሲጫንበት ነው የሚስተካከለው። ወረቀትን ከጀርባው በብርሃን ብታዩት ደግሞ ልክ እንደ እርሳሱ ነው። የመስኮቱ ነገር፣ የካርዱ ነገር፣ የጋዜጣው ነገር በአንድ ጊዜ በራልኝ። ካርድ ወፍራም ነው፤ ብርሃን አያሳልፍም። ጋዜጣ በሁለት በኩል ይታተማል፤ ከጀርባ ካዩት ይደበላለቃል።

"አባባ" አልኩ ቀስ ብዬ፣ "ከፊት በኩል ማንበብ አይችሉም?"

"ቀስ በይ! አባትሽ እንዳይሰማ!" አሉና ወንበር አስጠጉልኝ። ፒያሳ፣ አርመኑ ቤት፣ ቀን ቀን ከማሽን የወጣውን እርሳስ በነጭ ጋዝ ሲያጥቡ ነበር ፊደል የለዩት። ያስተማራቸው የለም፤ ጠይቀው፣ አይተው፣ በጣታቸው ዳስሰው ነው። ወረቀት ላይ ሲያዩት ግን ሌላ ሆነባቸው፤ ያኔ ደግሞ ለመጠየቅ ኮርተዋል። "ለነገሩ የተሳሳትኩት እኔ አይደለሁም" አሉ። "እውነተኛው ፊደል እርሳሱ ነው። ወረቀቱ ጥላው ነው። እናንተ ጥላ ነው የምታነቡት።"

ማታ አባቴ ኩሽና ጠራኝ። "አንቺም ደረስሽበት?" አለኝ። እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ አባባ ደግሞ እንደሚያውቅ አያውቁም። "የክፍል ውጤቴን ካርድ ይዤ መጣሁ። ወፍራም ካርድ። ከክፍሉ መጨረሻ ወጥቻለሁ። አገላብጦ አየና 'ጎበዝ፣ እንዲህ ነው እንጂ!' ብሎ አዲስ ሱሪ ገዛልኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ሁለተኛ ወጥቼ መጣሁ፤ ዝም ብዬ ስላየኝ የወደቅሁ መስሎት 'በርታ እንጂ ልጄ' አለኝ።"

በማግስቱ እኔ አስተማሪ ሆንኩ። አባባን ከፊት በኩል ለማስነበብ ሞከርኩ። ከመስመሩ መጨረሻ ይጀምራሉ። "ከግራ ነው አባባ" ስላቸው ወረቀቱን ገልብጠው ወደ መስኮቱ ይሄዳሉ። ግራና ቀኝ ጫማ ቀያይሮ እንዳደረገ ሰው ሁለት ፊደል ሄደው ይሰናከላሉ። ራሳቸውን አሟቸው ሻሽ አሰሩ። መስታወት ይዘው እንዲገቡ ብነግራቸው ተቆጡ፦ "ፈተና ልቀመጥ ነው ወይስ ጢሜን ልላጭ?"

ዓርብ ዕለት ግን ጓድ ዘለቀ የፈተናውን ጽሑፍ ይዞ መጣ። የቀበሌው ሥራ ሁሉ የሚታተመው እኛ ቤት ነውና። አባቴ ሊያወጣው የነበረውን ወፍራም ወረቀት ከእጁ ላይ ቀስ ብዬ ወሰድኩና፣ ለታይፕ ቅጂ የሚሆነውን ስሱን ወረቀት ሰጠሁት። በአንድ በኩል ብቻ እንዲያትምም ነገርኩት። አባቴ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሳው፤ ከዚያ እኔን አየኝና ከመቼውም ባልረገጠው ፍጥነት መርገጥ ጀመረ። አባባን ግን ወደ ማሽኑ ማስጠጋት አልተቻለም። "ፈተናውን አላይም! ተካልኝ ኮረጀ እንዲባል?" ብለው በር ላይ ወንበር አውጥተው፣ ጀርባቸውን ለማሽኑ ሰጥተው፣ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ከተቱ። ጥጡ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እሑድ አዳራሹ ሞልቷል። ኪነቶቹ መዝሙራቸውን ዘምረው ወጡ። ከፊት የተቀመጡት የሰፈሩ እናቶች ናቸው፤ መሃላቸው የቅመም ሱቅ ባለቤቷ የወሎዋ እትዬ ዘሀራ በአዲስ ሻሽ ጉብ ብለዋል፤ እሳቸው ትናንት ነው ያለፉት፣ ዛሬ ለማየት መጥተው ነው። ከከፍተኛው የመጡት ተቆጣጣሪ የደከማቸው የሚመስሉ መምህርት ነበሩ፤ በእጃቸው ያለውን መመሪያ ማራገቢያ አድርገውታል። አባባ የክት ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብለዋል። ያኔ ነው መስኮቱን ያየሁት። ለበዓል ያተምናቸው ትልልቅ ፖስተሮች በሁሉም መስታወቶች ላይ ተለጥፈዋል። የራሳችን ሥራ ብርሃናችንን ዘግቶት ቁጭ! አዳራሹ ውስጥ የነበረችው አንዲት ቢጫ አምፖል ብቻ ናት።

"አባባ ተካልኝ" ብሎ ጓድ ዘለቀ ጠራ።

አባባ ተነሡ። ወረቀቱን ተቀበሉ። ጀርባውን አዞሩና ወደ መስኮቱ አነሱት። ምንም አይታይም። ወደ አምፖሉ አነሱት። አምፖሏ ከራሷ አልፋ ለሌላ የምትበቃ አልነበረችም። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ መነሣቴን ያወቅሁት ወንበሬ ሲወድቅ ነው። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"ይቅርታ፣ ጓድ..." ድምፄ ከየት እንደሚመጣ አላወቅሁም። "ሙቀት... መስኮቱ ቢከፈት..."

"ፖስተሩ ይቀደዳላ!" አለ ጓድ ዘለቀ። እውነቱን ነው፤ አንዱ ፖስተር በሁለት መዝጊያዎች ላይ ነው የተለጠፈው።

"ኧረ ክፈቺው ልጄ!" አሉ እትዬ ዘሀራ። "በላብ እኮ የተማርነው ሁሉ ሊሟሟ ነው!"

ተቆጣጣሪዋ ማራገባቸውን ሳያቋርጡ "ይከፈት" አሉ። ሄጄ መዝጊያውን ገፋሁት። ፖስተሩ ተቀደደ፤ የተሳለበት ጡጫ ወደ ግራ፣ መፈክሩ ወደ ቀኝ ሄደ፤ በመካከሉ የጠዋት ፀሐይ እንደ ጎርፍ ገባች። አባባ ዘወር አሉና ወረቀቱን አነሱ።

"አባባ፣ በፊቱ በኩል አይይዙትም?" አለ ጓድ ዘለቀ።

"አንተ ልብስ ስትሰፋ ከየት በኩል ነው የምትሰፋው?"

"ከ... ከውስጥ በኩል።"

"እኔም እንደዚያው ነኝ" አሉና አነበቡ። እንዴት አነበቡ! የውሃ አጠቃቀምን የሚመለከት ደረቅ ጽሑፍ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ አዋጅ ነው ያሰሙት። አንቀጹ አልቆ ከግርጌ ያለውን "በተካልኝና ልጁ ማተሚያ ቤት ታተመ" የሚለውንም አነበቡ፤ ያንን ትንሽ ጮክ አድርገው። ጭብጨባው ሲነሣ አባቴ ተነፈሰ። እኔም ተነፈስኩ።

"አሁን ደግሞ ስምዎን ሰሌዳው ላይ ይጻፉልን" አለ ጓድ ዘለቀ።

መጻፍ! ያንን ሁላችንም ረስተነው ነበር። አባባ ከፊርማ ሌላ በእጃቸው ጽፈው አያውቁም፤ ፊርማቸውም ክብ ነገር ነው። ጠመኔውን ተቀበሉ፣ በአፍንጫቸው አሸተቱት፣ በቀኝ ጫፍ ጀምረው ጫን አድርገው፣ በትልልቁ "ተካልኝ" ብለው ጻፉ። እያንዳንዱ ፊደል ፊቱን አዙሯል።

"ይሄ... ምንድን ነው አባባ?"

"ስሜ ነዋ።"

"አይነበብም እኮ!"

"ወረቀት ጫንበት፤ ይነበባል።"

ሳቁ ፈነዳ። ጓድ ዘለቀ ተደናገጠ። ወደ ሕዝቡ ዞሮ እጁን ዘርግቶ "ሥርዓት ጓዶች! ሥርዓት!" እያለ ወደኋላ ወደኋላ ሄደ፤ ጀርባው ሰሌዳው ላይ እስኪለጠፍ ድረስ። ከዚያ ተቆጣጣሪዋን ሊያማክር ዞረ። ካኪ ኮቱ ጀርባ ላይ፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ፣ ነጭ ሆኖ ተጽፏል። እናቶቹ መማሪያ ክፍል ውስጥ እንደለመዱት፣ ማንም ሳያዛቸው በአንድ ድምፅ ጀመሩ፦ "ተ! ካ! ል! ኝ!"

ጓድ ዘለቀ ጀርባውን ለማየት እንደ ውሻ በራሱ ዙሪያ ዞረ። "ምን ሆንኩ?"

"ታተምክ" አሉት እትዬ ዘሀራ።

ተቆጣጣሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ማራገባቸውን አቆሙ። ስቀው ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠርገው ማራገቢያቸውን ገለጡና መመሪያውን አነበቡ። "መመሪያው 'ማንበብና መጻፍ የሚችል' ይላል" አሉ። "ከየት ወደ የት አይልም። ሰውየው አንብበዋል፤ የጻፉትንም ሕዝቡ አንብቦታል። አለፉ።"

የምስክር ወረቀቱ እዚያው ተሰጣቸው። ቤት ስንገባ አባባ መጀመሪያ ያደረጉት ወደ መስኮቱ መሄድ ነበር። ጀርባውን አዙረው ወደ ብርሃኑ አነሱት። ዝቅ አደረጉት። እንደገና አነሱት። የምስክር ወረቀቱ ወፍራም ካርድ ነበር። "ካርድ የልጅ ሥራ ነው" ብለው ለአባቴ ሰጡት፤ እሱም ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ከእራት በኋላ ግን በአጠገቡ ሲያልፉ ቆም ብለው በአውራ ጣታቸው ሲዳስሱት አየሁ። ስለ እሳቸው ምን እንደሚል ሊጠይቁን አልፈለጉም።

በማግስቱ ሰኞ ማንም ሳይነሣ ተነሥቼ ማተሚያ ቤቱ ገባሁ። የአባቴን ሽርጥ ታጠቅሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንዲት ፊደል ከመሳቢያ ለቅሜ ደርድሬ አላውቅም ነበር፤ ሥራዬ ማንበብ ብቻ ነው። የምስክር ወረቀቱን ከፊቴ አድርጌ ከየመሳቢያው እርሳሱን እየፈለግሁ አንድ በአንድ ደረደርኩ። "አብዮታዊ" የሚለው ቃል ላይ ስደርስ "ዮ" አልነበረም፤ ተለቅሞ ከቆመ የሠርግ ካርድ ላይ ነቀልኩና የአንዱን ዮሐንስ ሠርግ ለጊዜው አዘገየሁ። በሲባጎ አስሬ አባባ የሚሠሩበት ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። ገቡ፣ ቁጭ አሉ፣ መነጽሩን ከግንባራቸው አወረዱ። ጣታቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እየነዱ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ስማቸው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ያኔ የሦስት ሰዓቱ አውሮፕላን መጣ፤ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ፤ መሳቢያዎቹ ጮሁ። አባባ ፓይለቱን አልተቆጡም። እርሳሱ እንዳይበተን በሁለት መዳፋቸው ሸፍነውት እስኪያልፍ ጠበቁ።

"ማሰሪያው ላልቷል" አሉ በመጨረሻ፣ ሳያዩኝ። "ገና እጅሽ አልጠነከረም። ፍቺውና እንደገና ልቀሚው።"

ፈታሁትና እንደገና ለቀምኩት።